በራስህ ስም ጠይቀኝ

ባሌ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት «ጌታ ተናግሮኛል» ብሎ አገባኝ። ባለፈው ወር ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሞ፣ ጌታ በሰው አፍ ትንቢት መናገር ያቆመው ከሐዋርያት ጋር ነው ብሎ አስተማረ። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እኔም ብሆን እስከ ትምህርቱ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ አልታየኝም።

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ሥራው ሚዛን መጠገን ነው። የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የዳቦ ቤት ሚዛን፣ ሕፃናት የሚመዘኑበት የክሊኒክ ሚዛን ሳይቀር ያስተካክላል። የናስ መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ በቆዳ ቦርሳ ይዞ ይዞራል። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ሚዛን» ይሉታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ደግሞ እሁድ እሁድ ከዝማሬ በኋላ ስለሚያስተምር «መምህር» ይለዋል። እኔ እንደ ጠባዩ ነው የምጠራው፤ ደህና ሲውል «አንተዬ»፣ ሲያበሳጨኝ «አንተ ሰውዬ»።

ለትምህርቱ ምክንያት የሆነው አንድ እንግዳ ነቢይ ነው። ማይክ ጨብጦ እየተንጎራደደ ሲተነብይ አመሸና፣ አንዱን አባወራ «ጎረቤትህ በክፉ ዓይን አይቶሃል» ብሎት ሄደ። እሱ ሄደ፣ እኛ ቀረን። ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩት ሁለት ቤተሰቦች ሰላምታ አቆሙ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተጨነቁና ባሌን ጠሩት። «መምህር፣ ይሄ የትንቢት ነገር ዛሬም አለ ወይስ የለም? አራት እሁድ ወስደህ ቁርጡን ንገረን» አሉት።

ቁርጡን ንገረን የተባለ ሰው እንዴት እንደሚሆን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከምሮ እኔን ከነሳህኔ ወደ ጥግ ገፋኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሁዶች የተናገረው ግልጽ ነበር። ትንቢት የቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲጣል ያስፈልግ ነበር፤ መሠረት አንዴ ነው የሚጣለው፤ ፎቅ በጨመርን ቁጥር እንደገና አንቆፍርም። አንዱ ሽማግሌ «ትንቢትን አትናቁ ተብሏል እኮ» ሲለው፣ «ሁሉን ፈትኑም ተብሏል» ብሎ መለሰለት። ደስ አለኝ። ባል ሲከበር የማይደሰት ማን አለ?

ደስ አለኝ እንጂ አላመንኩትም። ልጃችን የስምንት ወር ሕፃን ሳለች፣ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር አንዲት አሮጊት በቤተ ክርስቲያናችን ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየወረደባት መጣችና፣ እንደምን ዋልሽም ሳትል «ልጅቷን ከዚያ ክፍል አውጪያት» አለችኝ። ብርድ ይመታታል ብዬ ትንሽ ተከራክሬ አወጣኋት። አሮጊቷ ሻይ እንኳ ሳልቀዳላት ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የክፍሉ ኮርኒስ ተገንጥሎ የልጅቷ አልጋ ላይ ወረደ። ፍርስራሹን በአካፋ ያወጣው ባሌ ራሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ይህንንስ ምን ልትለው ነው?» አልኩት። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እሱን አላውቀውም» አለ። ትምህርቱ ውስጥ ግን አላነሣውም።

ሦስተኛው እሁድ የጥያቄ ቀን ነበር። ሰው ስሙን ሳይጠቅስ ጥያቄውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል፤ ባሌ እያወጣ ይመልሳል። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ወረቀት ላይ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገና አነበበ።

«አንድ ወንድም፣ ሚስቴ እንደምትሆኚ ጌታ ተናግሮኛል አለኝ። እኔ አልወደውም። እምቢ ብለው ጌታን እምቢ ማለት ይሆንብኛል?»

አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ። ባሌ አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለገዛ ልጁ እንደሚናገር ሆኖ መለሰ።

«እኅቴ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ ግን ስሚኝ። ጌታ አልነገረውም። ልጁ ፈርቶ ነው። መጠየቅ ሲያስፈራው የጌታን ስም ከፊት አድርጎ ከኋላ ተደበቀ። ‹በራስህ ስም ጠይቀኝ› በይው። ከዚያ የልብሽን መልሺለት።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

እኔ አሜን አላልኩም። የመዝሙር ደብተሬ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ለማንሣት ጎንበስ ስል እንደዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ልቅር አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሰውየው በገዛ አፉ ትዳራችንን ከመሠረቱ ነቅሎት ለሌላ ጥያቄ እጁን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ።

ወደ ቤት ሄድን። እሱ እየተደሰተ ያወራል፤ ስለ ወጣቶቹ፣ ስለ አዳራሹ አምፖል። በሩ ላይ ደርሰን ቁልፉን ሲሰካ፣ «አንተ ሰውዬ» አልኩት።

«አቤት።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ምን?»

«እኔን ስትጠይቀኝ ማን ነበር የተናገረህ?»

ቁልፉ እንደተሰካ ቀረ። እምላለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበበትም። የሰውን ሚዛን በግራም ሲያርም የሚውል ሰው የገዛ ጓዳውን አይቶ አያውቅም። ፊቱ ሲቀላ፣ ከዚያ ደግሞ ሲገረጣ አየሁት።

«ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው» አለ በመጨረሻ።

«ሁላችሁን አላገባሁም።»

እውነቱን ነው፤ ያኔ ሌላ ቋንቋ አልነበረንም። ወንድ ሴትን ወደድኩሽ ካላት ሥጋዊ ይባል ነበር። ጌታ ተናገረኝ ካላት መንፈሳዊ ነው። ሴቲቱም «ልጸልይበት» ትላለች፤ ትንሽ ቀን ታስጠብቀዋለች፤ የምታስጠብቀው ለወጉ ነው እንጂ መልሱማ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። እኔ ያችን እንኳ አላልኩም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ እቆርጥ ነበር። ሚዛኑ ተበላሽቷል ተብሎ አንድ ዓይን አፋር ወጣት የቆዳ ቦርሳ ይዞ መጣ። ሚዛኑን በናሶቹ ፈተሸና በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ ሃያ ግራም እንደሚዋሽ አገኘ። ሦስት መቶ ሲል ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ቀጥሎ የቆረጥኳቸውን ሊጦች አንድ በአንድ መዘነ። ሁሉም ሙሉ ናቸው። እንደገና መዘነ፤ ሙሉ። ግራ ገባው። ኋላ እጄን ሲመለከት ቆይቶ ገባው። እኔ ከሚዛኑ ካነሣሁ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ቁንጣሪ ሊጥ እጨምር ነበር።

«ለምን ትጨምሪያለሽ?» አለኝ።

«እጄ ሚዛኑን አላመነውም» አልኩት።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላም እጄ መጨመሩን አልተወም፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ሦስት ሳምንት ጮኸብኝ። ያ ወጣት ምንም ያልጎደለውን ሚዛን ሊፈትሽ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው መጣና፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ «ጌታ ተናግሮኛል» አለኝ።

የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ነበር፤ ሌላ ከተማ። ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንድ ማንጠልጠያው የላላ ቡናማ ሻንጣ ገዝቼ ዳቦ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ እያየሁት ደስ እንዲለኝ ብዬ። ጌታ ካለማ ብዬ በዚያው ቆሜ «እሺ» አልኩ። ሻንጣው ዛሬም አለ። ትርፍ ብርድ ልብስ ይቀመጥበታል።

ከእሁድ እስከ ረቡዕ አላናገርኩትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ቤት ግን ዝምታው ሳይነቅዝ ሻገተ። ሻዩን እቀዳለታለሁ፣ ሸሚዙን እተኩስለታለሁ፣ ቃል የለም። እሱ ደግሞ ደግነት የማይጎድለው ሰው ነው፤ ስወጣ ጃንጥላዬን በሩ ላይ አስቀምጦ አገኛለሁ። ያ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨኝ። ሲያናድዱ ደግ መሆን ምን የሚሉት ነው?

ማክሰኞ ልጄ ስልክ ደወለች። ከድምፄ አወቀችብኝና ነገርኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እማዬ፣ ታዲያ እኔ በሐሰት ትንቢት ነው የተወለድኩት?»

«ሳቂ! በአንቺ አልደረሰ።»

«ኧረ እማዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው። አባዬን አሁን ብትፈቺው ማን ይወስድልሻል?»

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ወዲያው አላወቅኩትም። ሻንጣው ነው እንዳልል፣ ለሻንጣው ድሮ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዳቦ ቤት መጣ። እስካሁን እዚያው ነው የምሠራው፤ ባለቤቱ ተቀይሯል፣ ሚዛኑም በቁጥር የሚበራ ሆኗል፤ ለእሱ የሚሆን ሥራ ከጠፋ ስድስት ዓመት አልፏል። ቢሆንም ቦርሳውን ይዞ ነው የመጣው። አንዱን ናስ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ፤ ቁጥሩ ልክ ነበር። አነሣው። መልሶ አስቀመጠው።

«አልተናገረኝም» አለ።

ሊጡን መቁረጤን ቀጠልኩ።

«ምንም ድምፅ አልሰማሁም። እጅሽን አየሁ፤ ይቺ ልጅ ማንም ባያያትም አትሰርቅም አልኩ። አብሬያት ልኑር አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጌታ ይሁን አይሁን ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም።»

«ታዲያ እንደዚያው አትለኝም ነበር?»

ናሱን በጨርቁ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ። «ሻንጣውን አይቼው ነበር» አለ።

እጄ ቆመ።

«ከዚህ ሥር። ሁለት ሳምንት እንደቀረሽ ሰምቼ ነበር። እኔ ብጠይቅሽ ‹ልጸልይበት› ብለሽ ትሄጃለሽ። ጌታ ከጠየቀሽ ግን አትሄጂም። ይህን አውቄ ነው ያልኩት። ፈርቼ ብቻ አይደለም። አውቄ ነው።»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኸው ነው። ሊጥ የነካ እጄን በሽርጤ ጠረግሁ። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ግን ጩኸት አልነበረም። ማክሰኞ ያስለቀሰኝ ነገር ድንገት አፌ ላይ መጣ።

«ሻንጣውን ተወው» አልኩት። «የቀረብኝ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ ያኔ እሺ ያልኩት ጌታን ነው። አንተን እሺ ብዬህ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንተን አንድ ቀን እሺ ብዬህ አላውቅም። ይህንንም ነው የወሰድክብኝ። ከራስህም ላይ ነው የወሰድከው።»

ይህን ሲሰማ የጠቀለለውን ናስ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን አነሣ። ያኔ ወለሉን ነበር ያየው፤ አሁን እኔን አየኝ።

«ማንም አልላከኝም» አለ። «ማንም አልተናገረኝም። እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ሚስቴ ትሆኛለሽ?»

ምድጃው ጋ ያሉት ጋጋሪዎች ሥራቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቁመዋል። አንጀቴን በላው። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። አንድ ጊዜ በችኮላ ተናግሬዋለሁ፤ ይበቃል።

«ልጸልይበት» አልኩት።

ቦርሳውን አንሥቶ «እሺ» ብሎ ወጣ። ናሱን ሚዛኔ ላይ ረስቶት ሄዷል።

አራተኛው እሁድ መጣ። ሰው ቁርጡን ሊሰማ አዳራሹን ሞልቷል። ባሌ ያለ መጽሐፍ ቆመ።

«ትንቢት ቆሟል ብዬ አስተማርኳችሁ። ዛሬም ሳነብ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያነብ ያርመኝ» አለ። ከዚያ የልብስ አጣቢዋን ነገር ተናገረ፤ ዝናቡን፣ ኮርኒሱን፣ አካፋውን። «እሷ ጌታ ተናገረኝ አላለችም። ‹ልጅቷን አውጪያት› ብላ ሄደች። ምን እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም ማለትን ከመጀመሪያው ሳምንት ማስተማር ነበረብኝ።»

ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረበ።

«የማውቀው አንድ ነገር ግን አለ። አንዲት ልጅ ነርስ ለመሆን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። እኔ የጌታን ስም ጠርቼ አስቀረኋት። የጠራሁት እንድትፈራ ነው። ባለፈው እሁድ ያንን ወረቀት የጻፍሽ እኅቴ፣ የመለስኩልሽ መልስ ልክ ነው፤ ለመመለስ ግን እኔ የተገባሁ አልነበርኩም። ሽማግሌዎቼ፣ እስክትፈቅዱልኝ ድረስ አላስተምርም።»

ወርዶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቴን ደፋሁ። አፈርኩ ብዬ እንዳልዋሽ፣ አላፈርኩም። ኮራሁ። ከሦስቱ ሳምንታት ሁሉ ይልቅ ኮራሁበት።

ደጅ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ። ነገር የማያመልጣት አንዷ ጋጋሪያችን ሐሙስ የሆነውን ለሁሉም ነግራለች።

«እትዬ፣ ታዲያ ምን አልሽው?»

«እየጸለይኩበት ነው።»

ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ከመሃላቸው ግን አንዲት ቀጭን ልጅ አልሳቀችም። እጄን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና ሄደች። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ እንደሆነች ገባኝ።

እኔም የምሬን ጸለይኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ያኔ በራሱ ስም ቢጠይቀኝ ምን እል ነበር? ዞሬ ዞሬ መልሱ አንድ ነው፤ እሄድ ነበር። ምናልባት እመለስ ነበር፣ ምናልባት አልመለስም ነበር። ይህን አምኜ መቀበሉ አመመኝ፤ ሊሸፋፈን የሚችል ነገር አይደለም። ግን አሁን የተጠየቀችው ያቺ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አይደለችም። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ክንዴ ተሰብሮ አርባ ቀን በጀሶ ሳለሁ ጸጉሬን እያጠበ፣ ውሃው ዓይኔ እንዳይገባ በመዳፉ ግንባሬን የከለለ ነው። ሲያናድደኝ ጃንጥላዬን በር ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ማንም ሳይጠይቀው «አውቄ ነው» ያለ ነው።

ጌታ ምን አለኝ? ምንም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ጠበቅኩ፤ ድምፅ የለም፣ ሕልም የለም፣ ዝናብ እየመታት የመጣች አሮጊት የለችም። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን፣ ይህን ለእኔ ትቶልኝ እንደሆነስ አልኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ናሶቹን እየወለወለ አገኘሁት። ከሐሙስ ጀምሮ እየወለወለ ነው፤ ወርቅ ሆነዋል። ሻይ ቀድቼ አቀረብኩለት። የረሳውንም ናስ ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ከጓደኞቹ ጎን አስቀመጥኩለት።

«እሺ» አልኩት።

ቀና አለ። «ምን እሺ?»

«የጠየቅከኝን።»

መነጽሩን አወለቀ። ጨርቁን በእጁ እንደያዘ መነጽሩን የሚጠርግበት ጨርቅ ፈለገ። ድምፁ ሲመጣ የዚያ ዓይን አፋር ወጣት ድምፅ ነበር።

«ጌታ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም» አልኩት። «እሺ ያልኩህ እኔ ነኝ።»